ውሻችሁ ገመድ ሳይወጥር አብሯችሁ እንዲሄድ፦ የማሰልጠኛ ኮላር አጠቃቀም ለደሴ መንገድ

ደሴ ላይ ውሻ ይዞ መውጣት ቀላል ስራ አይደለም። ዳገት አለ ቁልቁለት አለ ባጃጅ አለ ጭነት የያዘ አህያ አለ፣ በዛ ላይ ውዱእ አድርጎ መስጊድ የሚሄድ ሰው፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተክርስቲያን የምትመለስ እናት፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ የልጅ መዓት። ውሻው ገመዱን ወጥሮ ያየው ሁሉ ላይ የሚንደረደር ከሆነ እናንተም ክንዳችሁ ይዝላል፣ ሰፈሩም ይሸማቀቃል። ብዙ ሰው ታዲያ ይሄን ሲያይ ውሻውን ግቢ ውስጥ በአጭር ሰንሰለት አስሮ ይተወዋል፣ ታስሮ የከረመ ውሻ ደሞ አንድ ቀን ሲፈታ የባሰ ነው የሚሆነው፣ ጉልበቱ ተጠራቅሞ ሰው ይጥላል። እኔን ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ገመድ ላይ ስርዓት ማስያዝ ትግስት እንጂ ብዙ ብር የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ኮላር፣ ማለትም የአንገት ማሰሪያ፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ውሻው የሚማረው ኮላሩ በላላበት ሰዓት ነው። ሲጠብቅበት የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል፣ ወዲያው ሲላላለት ደሞ የት ቦታ ሲሆን እንደሚመቸው ያውቃል። ሳይላላ ከቀረ ምንም አልተማረም፣ እንደውም ውሻ አንገቱ ሲሳብ በተፈጥሮው ወደ ተቃራኒው ነው የሚገፋው፣ ስለዚ እናንተ በጎተታችሁ ቁጥር እሱም ይጎትታል። በቅሎ የሚጋልብ ሰው ያውቀዋል፣ ልጓሙ ሁሌ የተወጠረባት በቅሎ አፏ ይደነድንና ብትስባትም አትሰማም፣ የውሻ አንገትም እንደዛው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚች ነጥብ ነው የሚነሳው።

ዕድሜና ክትባት

ቡችላ ከሆነ በ2 ወሩም ቢሆን ቤት ውስጥ በተራ ጠፍጣፋ ኮላር መለማመድ ይችላል። የሚጠብቅ ዓይነት የማሰልጠኛ ኮላር ግን 6 ወር ሳይሞላው አታድርጉበት፣ አንገቱ ገና ለጋ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወሩ ጀምሮ ይሰጣል፣ ከዛ በኋላ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገማል። ሳይከተብ መንገድ አታውጡት፣ በየመንገዱ ባለቤት የሌለው ውሻ ብዙ ነው። አፍንጫው ደፍጣጣ የሆነ ዝርያ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያስለው ወይም አንገቱን ታሞ የሚያውቅ ውሻ ከሆነ ደሞ አንገት ላይ የሚጠብቅ ነገር ጭራሽ አይሆነውም፣ ደረቱ ላይ የሚታሰር ሃርነስ ፈልጉለት፣ ገመዱ ከፊት ደረቱ ላይ የሚታሰርበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

የትኛው ኮላር?

ማሰልጠኛ ኮላር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወይ ሲጎተት አንገት የሚያንቀውን የሰንሰለት ቾክ ወይ በውስጥ በኩል አንገቱን የሚወጋ ጥርስ ያለውን ወይ በኤሌክትሪክ የሚነዝረውን ነው። ባለ ኤሌክትሪኩን እኔ አልመክርም። ጊዜውን ትንሽ ከሳታችሁ ውሻው ሕመሙን ከመጎተቱ ጋር ሳይሆን በዛች ሰከንድ ካየው ሕፃን ወይ ባጃጅ ጋር ነው የሚያገናኘው፣ ከዛ ሕፃን ባየ ቁጥር የሚያጉረመርም ውሻ ታገኛላችሁ። ብሪታንያ ውስጥ ያለችው ዌልስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 በሕግ ከልክላዋለች። ባለ ጥርሱንም ለጀማሪ እጅ አልሰጥም። የሰንሰለቱ ቾክ ደሞ መቆሚያ የለውም፣ ውሻው በጎተተ ልክ እየጠበቀ ነው የሚሄደው፣ ጉሮሮውን ሊጎዳው ይችላል። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ቢያንስ አገባቡን እዩ፣ ገመዱን ስትለቁት በራሱ ክብደት ወርዶ መከፈት አለበት፣ ለቃችሁትም እንደጠበቀ ከቀረ ተገልብጦ ነው የገባው ማለት ነው፣ አውጥታችሁ አዙሩት።

እኔ የምመርጠው ማርቲንጌል የሚባለውን ነው። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ዋናው ጨርቅ አንገቱን ይዞራል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ አንዳንድ ቀለበት አለው፣ በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ደሞ ትንሽዬ ሁለተኛ ክብ ታልፋለች፣ ገመዱ የሚታሰረው እሷ ላይ ነው። ውሻው ሲጎትት ትንሿ ክብ ቀለበቶቹን ታቀራርባቸውና ኮላሩ ይጠብቃል፣ ግን ከተለካው በላይ አይጠብቅም። ወደኋላ እየሸሸ ጭንቅላቱን ከኮላር ማውጣት የለመደ ውሻም ከዚህ አያመልጥም።

ሱቅ ላይ ካጣችሁት አብሽሩ፣ ቦርሳ ሰፊ ወይ ጫማ ሰፊ ጋ ይሰራል። ሲባጎ ይዛችሁ የውሻውን አንገት ከጆሮው ስር ከፍ ብሎ ያለውን ለኩ፣ ከዛ የጭንቅላቱን ሰፊ ቦታ ለኩ፣ ሁለቱንም ወስዳችሁ ስጡት። ጨርቁ የትምህርት ቤት ቦርሳ ማንገቻ የሚሰራበት ጠንካራው ይሁን፣ ለመካከለኛ ውሻ ወርዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ለትልቅ ጀርመን ሼፐርድ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ቀለበቱ የተበየደ መሆን አለበት፣ ታጥፎ ጫፍና ጫፉ ብቻ የገጠመ ቀለበት ውሻው አንዴ ሲወረወር ይከፈትና ውሻችሁ አስፋልት መሀል ነው። ስፌቱም ድርብ ይሁን፣ እላዩ ላይ ደሞ ኤክስ አድርጎ እንዲሰፋው ንገሩት። ተሰርቶ ሲመጣ እጃችሁ ላይ አስገብታችሁ በኃይል ሳቡት፣ ክር ሲላቀቅ ካያችሁ መልሱለት።

ሲለበስ ከፍ ብሎ ከጆሮው ኋላ ይቀመጥ፣ ወደ ትከሻው ከወረደ ውሻው ሙሉ ጉልበቱን ያገኝበታል፣ እናንተም ምንም ምልክት ማስተላለፍ አትችሉም። ላልቶ እያለ ሁለት ጣት ከስሩ ያለ ችግር ይግባ። ገመዱን ስባችሁ ሲጠብቅ ደሞ ሁለቱ ቀለበቶች መነካካት የለባቸውም፣ መሀላቸው ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ይቅር። ከተነካኩ ሰፍቷል፣ ሳይጠብቅ ጭንቅላቱ ላይ ይወጣል።

ገመዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ቁልፍ ተጭነው የሚረዝመውና የሚያጥረው ዓይነት ለዚህ ስራ አይሆንም፣ ውሻው በጎተተ ቁጥር ገመድ ስለሚጨመርለት መጎተት እንደሚያዋጣ ነው የሚማረው። ሰንሰለትም ይከብዳል፣ ጣታችሁ የምትልከውን ትንሽ ምልክት ያጠፋዋል።

ደሞ ይሄን አደራ፣ የሚጠብቅ ኮላር ውሻው ብቻውን ሲሆን አንገቱ ላይ አይቅር። አጥር ላይ ወይ ብረት በር ላይ ተጠልፎ ሊታነቅ ይችላል። ልምምድ ሲያልቅ አውልቁ፣ ግቢ ውስጥ ተራውን ያድርግ። በሱ አስሮ ማሳደርማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

ገመድ ሳይታሰር የሚጀመር ትምህርት

መጀመሪያ ውሻው "ጎሽ" ማለት ምግብ መጣ ማለት እንደሆነ ይወቅ። የተቀቀለ ጉበት ሽምብራ የምታክል አድርጋችሁ ቆራርጡ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር በሌለበት "ጎሽ" ትላላችሁ፣ ወዲያው አንዷን ትሰጡታላችሁ፣ ደግማችሁ እንደዛው። ቃሏን ሲሰማ አንገቱን መለስ ማድረግ ሲጀምር ገብቶታል። ከዛ በኋላ "ጎሽ" ብላችሁ ያልሰጣችሁበት ጊዜ እንዳይኖር፣ ምግቡ የሚቀነሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ደሞም ጥሩ ነገር ባደረገ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልሆነ ለምን እንደተሸለመ አያውቅም።

ስለ ጉበቱ ካነሳሁ አይቀር፣ በደንብ ይቀቀል። በግ ስናርድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር በኛ ሀገር በጣም የተለመደ ነው፣ ግን አንዳንዴ እላዩ ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ እባጭ ውስጥ ያለው ነገር ከኮሶ ትል ጋር የሚዛመድ የውሻ ትል እጭ ነው፣ ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ተመልሶ ለሰው ይተርፋል፣ ለልጆች በተለይ። ከወጥ ላይ የወጣ ሥጋም አትስጡ፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

ቀጥሎ ኮላሩን አልብሳችሁት ምግቡን ይብላ፣ ይጫወት፣ ከዛ ገመዱን አስራችሁ እናንተ እያያችሁት መሬት ላይ እየጎተተ ግቢ ውስጥ ይዟዟር። መቧጨሩን ሲተው ወደሚቀጥለው እለፉ፣ ለአንዳንዱ ውሻ አንድ ቀን ይበቃዋል ለአንዳንዱ ሳምንት ይፈጃል፣ አታጣድፉት።

ግቢ ውስጥ፣ እጃችሁ ሲሰለጥን

አሁን ነው ዋናው ስራ፣ እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ውሻው በግራችሁ ይሁን። ግራ የምለው ለወግ አይደለም፣ የእግረኛ መንገድ በሌለበት የሚመጣ መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ በመንገዱ ግራ ጠርዝ ነው የምትሄዱት፣ ስለዚ መኪናው በቀኛችሁ ያልፋል ውሻው ዳር ላይ ይሆናል። የገመዱን መያዣ በቀኝ አውራ ጣታችሁ አስገቡና ጨብጡ፣ ግራ እጃችሁ ገመዱን ለስለስ አድርጎ ይያዝ። የእጃችሁ አንጓ ላይ አትጠምጥሙት፣ ቁልቁለት ላይ ድመት አይቶ ቢወረወር እናንተንም ይዟችሁ ነው የሚወርደው።

ገመዱ ከእጃችሁ እስከ አንገቱ ድረስ ወደ ታች ሆድ አውጥቶ መንጠልጠል አለበት፣ የምትፈልጉት መልክ ይሄ ነው። አንድ ሁለት እርምጃ ሂዱ፣ ጉልበታችሁ አጠገብ ከሆነ "ጎሽ"፣ ጉበቷን ሱሪያችሁ ስፌት አጠገብ አድርጋችሁ ዝቅ ብላችሁ ስጡት። ሁሌ እዛው ቦታ ስጡት፣ ፊት ለፊታችሁ ከሰጣችሁት ከፊታችሁ እየተገተረ እግር ይጠልፋል፣ ስፌቱ ጋ ከሰጣችሁት ግን ቦታው እዛ እንደሆነ ራሱ ይለምደዋል። ከሁለት እርምጃ ወደ አምስት፣ ከአምስት ወደ አስር እያላችሁ ጨምሩ።

ሲጎትትስ? ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። አትናገሩ፣ ስሙን እየደጋገማችሁ አትጥሩ፣ መልሳችሁም አትጎትቱ፣ እጃችሁን ወደ ሆዳችሁ አስጠግታችሁ ዝም። ዞር ብሎ ካያችሁ ወይ አንድ እርምጃ ተመልሶ ገመዱ ከላላ ያኔውኑ "ጎሽ" ብላችሁ ቀጥሉ። መሄዱ ራሱ ሽልማት ነው እኮ፣ ውሻው የሚጎትተው ለመሄድ ስለሆነ።

ቆማችሁ ቆማችሁ ካልዞረ የኮላሩ ተራ ይመጣል። ገመዱን በግራ እጃችሁ ጣቶች ብቻ ጨመቅ አድርጉና ወዲያው ልቀቁ። አቅጣጫው ወደ ጎን ይሁን፣ ቀጥታ ወደኋላ ከሆነ እልህ ትጋባላችሁ፣ ወደላይ ከሆነ ጉሮሮውን ያንቀዋል። ክንድና ትከሻ እዚህ ስራ የላቸውም። ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ከዛ በሌላ አቅጣጫ ዞራችሁ ሂዱ፣ ሲከተላችሁ "ጎሽ"። በደንብ ከተሰራ ትንሽ ቆይቶ ጨመቋ እንኳን አታስፈልግም፣ ቀለበቶቹ ቀጭ ሲሉ ሰምቶ ይዞራል። ውሻው ካለቀሰ፣ ጭራውን እግሩ መሀል ካስገባ ወይ መሬት ላይ ከተኛ ከብዶበታል ማለት ነው፣ ለዛን ቀን ይብቃ።

አንዱ ልምምድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፣ በቀን ሁለቴ ሶስቴ ይደረግ። ቤተሰብም ይስማማ፣ እናንተ እየቆማችሁ ወንድማችሁ እየተጎተተለት የሚሄድ ከሆነ የትም አይደርስም።

ከበር መውጣት

ብዙ ውሻ የሚበላሸው የግቢው በር ላይ ነው። በሩ ገና ሲንኳኳ ይንበጫበጫል፣ ሲከፈት ይወረወራል፣ ከዛ መንገዱን ሙሉ በዛው ስሜት ነው የሚሄደው። "ቁጭ" በሉት፣ በሩን በትንሹ ክፈቱ፣ ከተነሳ ዝጉ። ቁጭ እንዳለ በሩ ሙሉ ሲከፈት ነው የምትወጡት፣ መጀመሪያ እናንተ ከዛ እሱ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማለዳ ውጡ፣ ጭር ያለ ሰፈር፣ ፒያሳንና ሰኞ ገበያን ለመጨረሻ አቆዩት። ሌሊት ገና ሳይነጋ ደሞ አትውጡ፣ ጅብ አለ። ደሴ ስለሆናችሁ የመሬቱን ነገር ተጠቀሙበት፣ መጀመሪያ ዳገት ላይ አለማምዱ፣ ዳገት ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስላችኋል። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ስለሚጨመር ገመዱ በራሱ ይወጠራል፣ ውሻው አጥፍቶ ይሁን መሬቱ ገፍቶት ይሁን እናንተም አትለዩትም፣ ስለዚ ቁልቁለቱን ሜዳና ዳገት ከለመደ በኋላ በአጭር በአጭሩ ስሩት፣ ክረምት ላይ ኮብልስቶኑ ስለሚያንሸራትት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ወይ ባቲ ያላችሁ ደሞ ሙቀቱን እዩት፣ የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ 7 ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ የውሻው መዳፍም አይችልም። ባቲ ሰኞ ገበያ በግመልና በፍየል ሲሞላ ጀማሪ ውሻ ይዞ መግባት ለሁሉም ስቃይ ነው።

ሰው ሲመጣ

በኔ እይታ የገመድ ስርዓት ዋናው ፈተና እዚህ ነው፣ ወሎ ላይ ደሞ በተለይ። ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካ ሳያጥቡ አይሰግዱበትም። አንድ አባት ለሶላት ተዘጋጅተው ከቤት ወጥተው የናንተ ውሻ ጀለቢያቸውን ቢልስ ወይ ተመልሰው ቤት መሄድ ነው ወይ ሶላቱ ሊያልፋቸው ነው። "አይነክስም፣ ሊጫወት ነው" ማለት መልስ አይሆንም፣ ጉዳዩ መንከሱ አይደለም። ስለዚ "ጠጋ" የሚል ትዕዛዝ አስተምሩት፣ ግቢ ውስጥ እያላችሁ "ጠጋ" ብላችሁ ጉበቷን ይዛችሁ ወደ ጉልበታችሁ ሳቡት፣ ሲጠጋ "ጎሽ"። መንገድ ላይ ሰው ከሩቅ ሲመጣ፣ አጠገባችሁ ሳይደርስ ማለቴ ነው፣ ወደ ዳር ወጣ በሉ፣ "ጠጋ"፣ "ቁጭ"፣ እናንተ በሰውየውና በውሻው መሀል ቁሙ፣ እስኪያልፉ ትንንሽ እየሰጣችሁ አቆዩት። ሰላም ማለትም አትርሱ፣ "እንደምን አደሩ" ስትሉ ሰውየውም ይረጋጋሉ ውሻውም ከድምፃችሁ አደጋ እንደሌለ ይሰማል። ጁምዓ ቀን በመስጊድ በር በኩል ባታልፉ ይሻላል፣ ቤተክርስቲያን ቅጥር ግቢም እንደዛው ውሻ ይዞ አይገባም።

ልጆች "ይነክሳል?" እያሉ ይከቡታል፣ አንዳንዱም ድንጋይ ያነሳል። አትቆጡ፣ ከሩቅ ሆነው እንዲያዩት ንገሯቸው፣ ውሻው ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚታዘዝ አሳዩአቸው፣ አንዴ ካዩት የሚወረወር ድንጋይ ይቀንሳል።

ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከመጡባችሁ አትሩጡ። ገመዱን አሳጥራችሁ ውሻችሁን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ወደ መሬት ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደምታነሱ ሁኑ፣ አብዛኛው ከዛ በላይ አይጠጋም። ቀስ እያላችሁ ራቁ። ማንኛውም ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዛው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው፣ የባህል መድሃኒት ሲሞከር ቀን እንዳያልፍባችሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ሲበላሽ ምን ላድርግ?

የሚያስለው ወይ የሚያንኮራፋ ከሆነ ኮላሩን አውልቁ፣ ወይ ወርዷል ወይ ጠብቋል ወይ እናንተ ሳትለቁ እየያዛችሁት ነው። ደጋግሞ ካሳለ ወደ ሃርነስ ቀይሩና የእንስሳት ሐኪም ይየው። ገመዱን የሚነክስ ከሆነ አትሟገቱት፣ ገመዱን አላሉትና "ቁጭ" በሉት፣ የሚያጫውተው ሰው ሲያጣ ይተወዋል። ባጃጅ ሲያይ የሚጮህ ከሆነ ርቀት ነው መፍትሄው፣ ባጃጁን አይቶ ገና ሳይጮህ የሚቆይበትን ርቀት ፈልጉ፣ እዛ ሆናችሁ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር "ጎሽ"፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቅረቡ። ቡሄ አካባቢ ጅራፍ ሲጮህ ደሞ ልምምድ የለም፣ ግቢ ይዋል፣ ደንግጦ ኮላሩን በጥሶ የጠፋ ውሻ ማግኘት ከባድ ነው።

ግቢ ውስጥ ጎበዝ የነበረ ውሻ መንገድ ላይ ሁሉንም የረሳ ይመስላል። አልረሳም፣ መንገዱ ብዙ ነገር አለው። ሁለት እርምጃ ከሚባለው ጀምራችሁ እንደገና ስሩት፣ ከግቢው በጣም ይፈጥናል።

ኮላሩን መቼ ልተው?

ሰው፣ ባጃጅና ሌላ ውሻ ባለበት መንገድ ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ላልቶ ሲቆይ ምግቡን መቀነስ ትችላላችሁ፣ አንዴ ስጡ አንዴ በ"ጎሽ"ና በማሻሸት እለፉት። ከዛ ማርቲንጌሉንና ተራውን ኮላር ሁለቱንም አልብሳችሁት ገመዱን ተራው ላይ እሰሩ። በዛው ስርዓት ከሄደ ማርቲንጌሉን አውልቁና ለገበያ ቀንና ለእንግዳ መንገድ ብቻ አስቀምጡት፣ ተራው ኮላር ላይ ደሞ ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ቀለም ጻፉበት።